ከፎገራ እስከ ቅርቧ ኮከብ

ፎገራ ሜዳ ላይ ካለችው ወረታ የደረስኩት በመስከረም ነው፤ ሜዳው ላይ የተኛው ውሃ ገና አልሸሸም ነበር። ጎንደር ከተማ ተወልጄ ያደግሁ፣ አዲስ አበባ የመምህራን ማሠልጠኛ ጨርሼ የመጀመሪያ ምደባዬን የያዝኩ፣ ሃያ አንደኛ ዓመቴን ያልደፈንኩ ልጅ ነበርኩ። ጊዜው የንጉሡ ዘመን፣ በእኛ አቆጣጠር የሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነው። ፎገራ ያኔ ሩዝ አያውቅም። ውሃው ሲሸሽ ጥቁሩ ዋልካ አፈር ላይ ሽምብራና ጓያ ይዘራል፤ የቀረው ሜዳ ለከብት ይለቀቃል።

እውነቱን ለመናገር ቦታውን አልወደድኩትም። ከመምህራኑ መካከል ሴት እኔ ብቻ ነኝ። ቢንቢው አላስተኛ ብሎኛል፤ ወባም ገና ከመምጣቴ ጥሎኝ ነበር። ዓመቱን እንደምንም ታግሼ ወደ ጎንደር ልዛወር ብዬ ለራሴ ነግሬዋለሁ። ደስ የሚለኝ ነገር ቢኖር ልጆቹ «እትዬ» ብለው ሲጠሩኝ ነው።

አራተኛ ክፍል ውስጥ ውባለም የምትባል ተማሪ ነበረችኝ። የቁሐር ሚካኤሉ የባላምባራስ አድማሱ ልጅ ናት፤ ዐሥራ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። በየጠዋቱ ከቁሐር ወረታ በእግሯ ትመጣለች። መንገዱ ለእሷ ከሁሉም ይርቃል፤ ከሁሉም ቀድማ የምትገኘው ግን እሷ ናት። ጥያቄ አያልቅባትም።

በታኅሣሥ አንድ ረቡዕ ስለ ፀሐይና በዙሪያዋ ስለሚዞሩት ፕላኔቶች አስተማርኩ። ስጨርስ ውባለም እጇን አነሣች።

«እትዬ፣ ኮከቦችስ? እነሱም ፀሐይን ይዞራሉ?»

«አይዞሩም። እነሱ ራሳቸው ፀሐይ ናቸው። የእኛም ፀሐይ አንድ ኮከብ ናት።»

«ታዲያ ለምን አነሱ?»

«ስለሚርቁ ነው።»

«ምን ያህል ይርቃሉ?»

ጠመኔዬን አንሥቼ ቁጥሩን ጻፍኩላቸው። ዜሮው ከሰሌዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ተደረደረ። ልጆቹ ሳቁ። እኔም ቁጥሩ ምንም እንዳልነገራቸው ገባኝ። ውባለም ግን አልሳቀችም።

«እንዲህ ከራቁ እኛን አያውቁንም ማለት ነው?»

«እንዴት ብለው ያውቁናል?» አልኳት።

ተቀመጠች። ምን እንዳልኩ ያወቅሁት በኋላ ነው።

ሐሙስ ውባለም ቀረች። ዓርብ ደግሞ ከቁሐር የሚመጡት ልጆች በሙሉ ቀሩ። ከሰዓት በኋላ ዲሬክተራችን ቢሮው አስጠራኝ። ደግ ሰው ነው፤ ግን ጭቅጭቅ አይወድም።

«ምን አስተማርሻቸው?» አለኝ።

ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ።

«ልጅቷን ለጥር ሊድሯት ነው። ኮከብ ቆጣሪው የእሷንና የሚያገባትን ልጅ ኮከብ ቆጥሮ ተስማማ ብሏል፤ ድግሱ ተጀምሯል። ረቡዕ ማታ ከአባቷ ፊት ቆማ “ኮከብ ማለት ሩቅ ያለ ፀሐይ ነው፤ እኔን አያውቀኝም፤ በማያውቀኝ ነገር አልዳርም” አለች።»

«እኔ ስለ ጋብቻ አንድ ቃል አልተናገርኩም።»

«አውቃለሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ቁሐር ይቀመጣሉ። አብረን እንሄድና ተሳስቻለሁ በያቸው። አንዲት ቃል ናት። ባላምባራስ ልጁን ከትምህርት ካስወጣ አገሩ ሁሉ ይከተለዋል። ይህ ትምህርት ቤት በስንት ልመና እንደተከፈተ ሰምተሻል።»

«ውሸት ይሆንብኛል።»

«ውሸት አይደለም፤ ትሕትና ነው» አለኝ።

ቅዳሜ ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ከገበያ የገዛኋቸው ሁለት ብርቱካኖች ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። ያንን ረጅም ቁጥር እንዴት አድርጌ ሰው እጅ ላይ ላስቀምጠው እያልኩ አንዱን ብርቱካን አገላብጠው ጀመር። ፀሐይን ይህን ያህል ካሳነስኳት ሌላው ሁሉ ምን ይሆናል? ሰሌዳው ላይ ማባዛትና ማካፈል ያዝኩ። መሬት የጤፍ ቅንጣት ሆነች፤ ከብርቱካኗ የምትርቀውም ዐሥር እርምጃ ያህል ነው። ጁፒተር የምትባለው ትልቋ ፕላኔት ሽምብራ ሆነች። የመጨረሻዋ ፕላኔት ከጤፍም ያነሰች ብናኝ ሆና፣ ሰው ተጣርቶ ድምፁ የሚሰማበት ርቀት ላይ አረፈች። እስከዚህ ድረስ ሁሉም አንድ ሜዳ ላይ ይበቃል።

ቀጥዬ ከኮከቦች ሁሉ ለእኛ ቅርብ የሆነችውን አሰላሁ። የወጣውን ቁጥር አላመንኩትም። እንደገና ሠራሁት፤ ያው ነው። ግድግዳው ላይ ካርታ ተሰቅሏል። ያን ርቀት በካርታው መለኪያ በክር ለክቼ አንዱን ጫፍ ጣና ላይ ይዤ ሌላውን ወደ ላይ ዘረጋሁት። ክሩ ሱዳንን አለፈ፣ ግብጽን አለፈ፣ ኢየሩሳሌም ላይ አለቀ።

ብዙ ጊዜ ቆሜ አየሁት። ካህናት ባሉበት ጉባኤ ኮከብን ከኢየሩሳሌም ጋር ማንሣቴ ይብስብኝ ይሆናል ብዬ ፈራሁ። ደግሞ ሌላ ቦታ የለኝም፤ ክሩ ያረፈው እዚያ ነው።

እሑድ ከዲሬክተሩ ጋር ቁሐር ሄድን። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ትልቅ ሾላ አለ፤ ሽማግሌዎቹ ከሥሩ ድንጋይ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠዋል። ሴቶቹ በአንድ ወገን ቆመዋል። ውባለም ከእናቷ ጎን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መሬት መሬት ታያለች። መካከል ላይ የደብሩ መሪጌታ፣ ከጎናቸው ባላምባራስ አድማሱ። ባላምባራስ ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ይጮኹብኛል ብዬ ነበር፤ አልጮኹም።

«ልጄን ፊደል አስተምሩልኝ ብየ ሰጠኋችሁ» አሉ። «ማንም አላስገደደኝ። ሴት ልጅ ተማሪ ቤት ምን ያደርግላታል ሲሉኝ አልሰማሁም። አሁን ልጄ ከፊቴ ቁማ ኮከቤ አያውቀኝም አለችኝ። ይህን ከማን ሰማች?»

«ከእኔ ነው ባላምባራስ።»

ዲሬክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። አንድ ሽማግሌ በደግነት «ልጅ ነሽ፤ ስሕተት ነው በይና ነገሩ ይብረድ» አሉኝ። ሁሉም ጠበቁኝ።

«ስሕተት ነው ማለት አልችልም» አልኩ። «ግን ላሳያችሁ እችላለሁ። አይታችሁ ስሕተት ነው ካላችሁኝ፣ ነገውኑ አገራችሁን ለቅቄ እሄዳለሁ።»

መሪጌታ ወደ ሰማይ ቀና አሉ። «ቀትር ነው ልጄ። ምኑን ታሳይናለሽ?»

«ሜዳው ይበቃኛል መሪጌታ።»

መሪጌታ ባላምባራስን አዩአቸው። ባላምባራስ «ታሳይ» አሉ።

አንዱን ብርቱካን ሾላው ሥር ካለ ድንጋይ ላይ አኖርኩ። «ይች ፀሐይ ናት እንበል» አልኩና ከነጠላዬ ጫፍ የቋጠርኩትን ጤፍ ፈታሁ። ውባለምን ጠራኋት። አባቷን አየች፤ በራሳቸው ነቅነቅ አሉላት። አንዲት ፍሬ መዳፏ ላይ አድርጌላት ዐሥር እርምጃ ያህል ወስጄ አቆምኳት።

«እኛ ያለንበት መሬት ይች ናት። ጣናም፣ ጎንደርም፣ አዲስ አበባም፣ ከባሕር ማዶ ያለው አገርም ሁሉ በዚች ጤፍ ላይ ነው። ጨረቃ ከጤፏ የምትርቀው የአውራ ጣት ወርድ ብቻ ነው።»

አንድ ሽማግሌ ሊያዩ ተነሥተው መዳፏ ላይ አጎነበሱ። «የታለች? የለችምሳ» አሉ።

«ላቤ ላይ ተጣብቃ ነው አባባ» አለች ውባለም። ሴቶቹ ሳቁ፤ እኔም ትንሽ ደፈርኩ።

ሽምብራዋን ለአንድ ጎልማሳ ሰጥቼ ራቅ አድርጌ ላክሁት። ከሽምብራዋ ቀጥላ ላለችው ፕላኔት አተር ይዤ ነበር፤ እሷን ለሌላው ሰጠሁ፣ ከእሱም አርቄ። የመጨረሻዋን ብናኝ የያዘው ጎረምሳ ከብቶቹ ካሉበት ቦይ ዳር ደርሶ ሲጣራ ድምፁ በጭንቅ ይሰማል።

«የእኛ ፀሐይ የምትመራቸው እስከዚያ ድረስ ነው» አልኩ። «ቤቷ ይህ ሜዳ ነው።»

መሪጌታ በሜዳው የተበተኑትን ሰዎች በዓይናቸው ተከተሉ። «መጽሐፍ ፀሐይን ታላቅ ብርሃን ይላታል፤ አንች ብርቱካን አደረግሻት» አሉ።

«ለእኛስ ታላቅ ናት መሪጌታ። ጤፏ ላይ ላለ ሰው ከእሷ የሚበልጥ ምን አለ? ቅርባችን ናት፤ የምንኖረውም በእሷ ነው።»

መሪጌታ አልተቆጡም።

ባላምባራስ «እሽ፣ ኮከቡስ?» አሉኝ።

ሁለተኛውን ብርቱካን አወጣሁ። «ይች ደግሞ ከኮከቦች ሁሉ ቅርባችን ናት። እሷም ፀሐይ ናት፤ መጠኗም ያው ነው። ቦታዋ ግን እዚህ አይደለም፤ የሚወስዳት ሰው ያስፈልጋል።»

«የት ድረስ?» አለ ከጎረምሶቹ አንዱ። «ወረታ?»

«ወረታን ያልፋል።»

«ጎንደር?»

«ያልፋል።»

«ምጽዋ ነዋ።»

«ምጽዋንም ያልፋል።»

መሪጌታ «ንገሪና ልጄ» አሉ።

«ኢየሩሳሌም ድረስ» አልኩ።

ባላምባራስ አድማሱ ፊታቸው ተለዋወጠ፤ በእጃቸው የያዙት ዘንግ ከጉልበታቸው ተንሸራቶ ወደቀ፣ አላነሡትም። አለቀልኝ አልኩ በልቤ።

«ኢየሩሳሌም አልሽ?»

«አዎ ባላምባራስ።»

«ቅርቧ ናት ያልሽው?»

«ቅርቧ ናት። ሌሎቹማ ከዚያም በብዙ ይርቃሉ።»

ፊታቸውን ወደ ቅጥሩ አዞሩ። ከቅጥሩ ጥግ አንዲት አሮጊት መነኩሴ ቆባቸውን ደፍተው፣ መቋሚያቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። እኔ እስከዚያች ሰዓት ልብ አላልኳቸውም።

«እማሆይ፣ ሰሙ?» አሉ ባላምባራስ።

«ሰማሁ» አሉ መነኩሴዋ።

ዲሬክተሩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «እናቱ ናቸው። ኢየሩሳሌም በእግራቸው ሄደው የተመለሱ ናቸው» አለኝ።

እማሆይ ቀስ ብለው ተነሡና ወደ ብርቱካኗ መጡ። አላነሷትም፤ ቆመው አዩአት።

«ባሌ ሲሞት ነው የወጣሁ» አሉኝ። «ይህን ልጄን ለወንድሜ ሰጥቸው። ጥርሱን ይነቅል ነበር ያን ጊዜ። ከመተማ ስንወጣ ብዙ ነበርን፤ በየመንገዱ የቀበርነው አለ። አሸዋው ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሂደን ስናርፍ ከተነሣንበት ያልተነቃነቅን ይመስለኝ ነበር። ወር አልፎ ሌላ ወር ይተካል። ከደረስሁም በኋላ እዚያው ገዳም ስንት ዓመት ቆየሁ። ስመለስ ይህ ልጄ ሚስት አግብቶ ጢሙን አብቅሎ ጠበቀኝ።» ከዚያ ጠየቁኝ፤ «በኔ መንገድ መካከል ላይ ሰው ነበረ፣ ውሃ የሚያቀምስ ነበረ። አንች በምትይው መንገድ ምን አለ?»

«ምንም የለም እማሆይ። የሚያርፉበት ጥላ እንኳ የለም።»

«ብርሃኗስ ይደርሳል?»

«ይደርሳል። ከአራት ዓመት በላይ ይጓዛል እንጂ ይደርሳል።»

«እሱስ ጎበዝ ነው» አሉ።

ባላምባራስ አንገታቸውን ደፍተው ነበር። ሲናገሩ ለማንም የሚናገሩ አይመስሉም። «እኔ ልጅ ሁኜ ማታ ማታ ከበረቱ በር ቁሜ በዚህ በኩል ነው የሄደች እያልሁ አይ ነበር» አሉ። «አጎቴ ከቅርብ ናት፣ ትመጣለች ይለኝ ነበር።»

እማሆይ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ልጄ፣ እኔ ወልጀህ፣ አጥብቸህ፣ ከዚያ ሁኜ ራብህን ከጥጋብህ መለየት አልቻልሁም። ለእግዚአብሔር ነገርሁልህ እንጂ አላየሁህም። እናትህ ነኝ። ያች ኮከብ ታዲያ ይችን ልጅ በምን አውቃት ነው የምትድራት?»

ውባለም ዐሥር እርምጃ ርቃ መዳፏን እንደዘረጋች ቆማለች፤ እንባዋ ይወርዳል፣ ጤፏ እንዳትወድቅ ግን አልተንቀሳቀሰችም።

በመጨረሻ መሪጌታ ተናገሩ። «ኮከብ ቆጠራውን እኔ አላዘዝሁም። ቤተ ክርስቲያንም አታዝም» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ይህን ሁሉ ባዶ ማን ያዘው? ይህንስ ተማርሽ?» ብለው ጠየቁኝ።

«አልተማርኩም መሪጌታ። ምን በምን ዙሪያ እንደሚዞር ተማርኩ እንጂ እሱን አላውቅም።»

«አላውቅም ካልሽስ ደግ ነው» አሉና ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እኔ በዚህ ትምህርት ክፉ አላየሁበትም።»

ባላምባራስ ዘንጋቸውን አነሡ። ሁላችንም ጠበቅናቸው። «ስለ ጋብቻው የምናገረው ከቤቴ ነው» አሉ። ሌላ ሳይጨምሩ እናታቸውን ክንዳቸውን ይዘው ሄዱ። ውባለም ተከተለቻቸው።

ከዲሬክተሩ ጋር ወረታ ተመለስን። አሸነፍኩ አላልኩም፤ ተሸነፍኩም አላልኩም።

ሰኞ የጠዋቱ ሰልፍ ላይ ከቁሐር ልጆች ብዙዎቹ መጡ፤ ውባለም የለችም። የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ያስተማርኩት በሩን እያየሁ ነው። ሁለተኛው ሊጀመር ሲል ባላምባራስ አድማሱ በር ላይ ቆመው አየሁ። ልጃቸው ከኋላቸው አለች። ወጥቼ ሰላም አልኳቸው።

«ጋብቻውን አላፈረስሁም» አሉኝ። «ልጅቱ ትምህርቷን እስክትጨርስ ይቆይ ብየ ለአማቾቼ ላክሁ። ቢጠብቁ ይጠብቁ፣ ባይጠብቁ የራሳቸው ጉዳይ።» ውባለም በአጠገባችን ሾልካ ገብታ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። እሳቸው ግን አልሄዱም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉ። «በዚያች ኮከብ ዙሪያስ እንደኛ ያለች ጤፍ ትኖር ይሆን?»

«አይታወቅም ባላምባራስ። ልትኖር ትችላለች። እስካሁን ያያት የለም።»

«ካለች እዚያም ልጅ የሚያሳድግ አለ ማለት ነው» አሉና ሄዱ።

እንግዲህ አማቾቹ አልጠበቁም። ውባለም ስምንተኛን ጨርሳ ጎንደር ሄደች፤ የጤና ሠራተኛ ሆና ወደ ፎገራ ተመልሳ ስንት ሴት አዋለደች። ባል ያገባችው ራሷ መርጣ ነው። እኔም ወደ ጎንደር አልተዛወርኩም። ዓመቱ አልቆ ትሄጃለሽ ወይ ብለው ሲጠይቁኝ፣ የአራተኛ ክፍሉን ትምህርት አልጨረስኩም አልኳቸው። ወረታ አገባሁ፣ ወረታ ወለድኩ። ቢንቢውንም ለመድኩት። በየዓመቱ በታኅሣሥ ተማሪዎቼን ወደ ሜዳው እያወጣሁ ፀሐይንና ፕላኔቶቿን በእጃቸው አስያዝኳቸው፤ ዕድሜዬን የጨረስኩት በዚህ ነው።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ በተለይ መምህራን፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ ያን እሑድ ቁሐር የሄድኩት ሰዎቹን ላስረዳ ነበር። ዕውቀቱ ያለው እኔ ዘንድ፣ አለማወቁ እነሱ ዘንድ ይመስለኝ ነበር። ቁጥሩን በእርግጥ አውቀዋለሁ፤ በካርታ ላይ በክር ለክቼዋለሁ። ርቀት ማለት ግን ምን እንደሆነ ገና አላውቅም ነበር። እሱን ያወቅሁት እናትና ልጅ አንዲት ብርቱካን መካከላቸው አድርገው ሲተያዩ ነው። ከዚያ ወዲህ ማንንም ልጅ ሳስተምር፣ ይህን ነገር እኔ ሳልነግረው በፊት በየት በኩል ያውቀው ይሆን ብዬ ሳልጠይቅ ጀምሬ አላውቅም። ደግሞም ሰው ትንሽነቱ ሲነገረው ተስፋ ይቆርጣል ሲሉ እሰማለሁ። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ያቺ ልጅ በጤፍ ቅንጣት ላይ እንዳለች ስትሰማ ቀና አለች፤ ዕጣዋን የጻፈባት የሩቅ ነገር እንደሌለ ገብቷታልና።

በቅርብ ዓመታት በዚያች በቅርቧ ኮከብ ዙሪያ የምትዞር ዓለም ተገኘች ተብሎ በሬዲዮ ሰማሁ። ሕይወት ይኑርባት አይኑርባት አልታወቀም አሉ። ባላምባራስ ካረፉ ቆይተዋል። ቢኖሩ ኖሮ ቁሐር ድረስ ሄጄ እነግራቸው ነበር።

አንድ ነገር ግን ውባለም ትልቅ ሴት ከሆነች በኋላ ነገረችኝ። እማሆይ ከኢየሩሳሌም ከተመለሱ ጀምሮ ልጃቸው ጧሪያቸው፣ አክባሪያቸው ነበሩ፤ ስለ ሄዱባቸው ዓመታት ግን አንድ ቀን ጠይቀዋቸው አያውቁም ነበር። እሳቸውም አያነሡም። የዚያን እሑድ ምሽት ባላምባራስ ከበረት ሲመለሱ ወደ ቤት አልገቡም። በርጩማቸውን ይዘው ወደ እማሆይ ጎጆ ሄዱ፤ ከደጃፉ ተቀመጡ። ውባለም ከውስጥ ሆና ትሰማለች።

«እማሆይ» አሉ፣ «እስቲ ይንገሩኝ። ከመተማ በኋላ በየት በኩል ሄዱ?»